ታብሌት ላፕቶፕን ይተካል? የደራው መምህር ሒሳብ

ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወስደውን መንገድ ይዞ አዋሽን የተሻገረ ሰው ብዙም ሳይሄድ ደራን ያገኛል። የዶዶታ ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ሞቃት፣ አቧራማ፣ የጭነት መኪና የማይጠፋባት። በዚህች ከተማ የሚኖር አንድ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መምህር ከሁለት ወር በላይ በአንድ ጥያቄ ተይዟል። ያረጀ ላፕቶፑን ትቶ ታብሌት ይግዛ ወይስ አይግዛ?

ጥያቄው ላይ ላዩን ሲሰሙት የቅንጦት ይመስላል። አይደለም። መምህሩ በክረምት እየተማረ ሁለተኛ ዲግሪውን ሊጨርስ የቀረው የመመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ነው። ያንን ካልጻፈ ዲግሪ የለም፤ ዲግሪ ከሌለ ዕድገት የለም። ሴት ልጁ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች። እሱ ደግሞ የሰፈሩ ዕድር ጸሐፊ ነው። ሦስቱም ጉዳይ የሚያልፈው በአንዲት መሣሪያ ላይ ነው፤ የመምህራኑ ዕቁብ ሲወጣለት የሚያገኘው ብርም የሚበቃው ለአንድ ዕቃ ብቻ ነው። ሁለተኛ ሙከራ የለም።

ላፕቶፑ ሲገዛም ያገለገለ ነበር። ባትሪው ከሞተ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ማጠፊያው ስለተሰበረ ከኋላው መጽሐፍ ይደገፍለታል። ማብሪያው ተጭኖ ሥራ እስኪጀምር አቦሉ ተቀድቶ ይጠጣል። ከቁልፎቹ ሁለቱ ወልቀዋል፤ አንዱ እንዲያውም ክፍተት የሚሰጠው ትልቁ ነው፤ በጣት ሳይሆን በጥፍር ይጫናል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ይዞ ቴሲስ የሚጽፍ ሰው ሌላ ነገር ቢያምረው አይፈረድበትም።

አዳማ ላይ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ወጣት የቀድሞ ተማሪው ነው። «ቲቸር፣ አሁን ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው የለም። ይሄ ቀኑን ሙሉ ይቆይልዎታል፤ ሲም ይገባዋል፤ ኪቦርድ ከፈለጉም በብሉቱዝ ይገጠምለታል» ይለዋል። ነጋዴ ስለሆነ ብቻ ውሸታም ነው ማለት አይቻልም። ከተናገረው ውስጥ ብዙው እውነት ነው።

መብራቱን እንውሰድ። ነገሩ ትንሽ ያስቃልም ያናድዳልም። በአዳማ ዙሪያ ባሉት ኮረብታዎች ላይ የተተከሉት የንፋስ ተርባይኖች አቅማቸው አዳማ አንድ 51፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ነው። ከደራ ከፍ ብሎ በኢተያ በኩል ደግሞ 100 ሜጋ ዋት የሚሆነው የአሰላ ንፋስ ኃይል ፕሮጀክት አለ። ቆቃም ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እዚያው አዋሽ ላይ ነው። በግራም በቀኝም ኃይል የሚመነጭበት ሰው ግን ማታ ማታ ፈተና ሲያወጣ መብራት ይሄድበታል። ላፕቶፕ በአብዛኛው 19 ቮልትና እስከ 65 ዋት የሚሰጥ የራሱን ቻርጀር ይፈልጋል። ታብሌት በስልክ ቻርጀር፣ በፓወር ባንክ፣ ካስፈለገም ጣሪያ ላይ በተዘረጋች ትንሽ የፀሐይ ሰሌዳ ይሞላል፤ አንዴ ከሞላ ስምንትና አሥር ሰዓት ይሠራል። በዚህ በኩል ታብሌቱ ያለ ክርክር ያሸንፋል። አቧራውም ሌላ ነጥብ ነው፤ ታብሌት ማራገቢያ የለውም፣ የደራ አቧራ የሚገባበት ቀዳዳም ጥቂት ነው።

ታዲያ ምኑ ነው የሚያጠራጥረው?

አፕል አይፓድን በ2010 እ.ኤ.አ. ለገበያ ካወጣ ከሁለት ወር በኋላ ስቲቭ ጆብስ በአንድ መድረክ ላይ የኮምፒዩተርን ነገር በመኪና መስሎት ነበር። አገሩ የገበሬ አገር በነበረበት ዘመን መኪና ሁሉ የጭነት መኪና ነበር፤ ሰው ከተማ ሲገባ ግን ትንሽ መኪና ይመርጥ ጀመር፤ ኮምፒዩተርም እንደ ጭነት መኪናው የጥቂቶች ዕቃ ሆኖ ይቀራል የሚል ነበር ሐሳቡ። ምሳሌው ካሊፎርኒያ ላይ ያምራል። ደራ ላይ ቆሞ ለሚያዳምጠው ግን ይገለበጣል። በዚያ መንገድ ላይ ሰውን ወዲያና ወዲህ የሚያደርሰው ባጃጅ ነው፤ ስንዴውን ከአርሲ አውርዶ፣ ሲሚንቶውን ጭኖ የሚመለሰው ግን አይሱዙ ነው። ባጃጅ አይሱዙን ተክቶት አያውቅም፤ ሥራቸው ለየቅል ነው። መምህሩም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የትኛው ያምራል ብሎ ሳይሆን ጭነቱ ምንድነው ብሎ ነው።

ገበያውም የጆብስን ትንቢት እንዳለ አልተቀበለውም። በ2014 እ.ኤ.አ. በዓለም ዙሪያ ወደ 230 ሚሊዮን ታብሌት ለገበያ ቀረበ፤ ከዚያ በኋላ ቁጥሩ ለዓመታት ወረደ። ታብሌቱን የጎዳው ላፕቶፕ አይደለም፤ ስልክ ነው። ስልኩ ስክሪኑን እያሰፋ መጣና ለማንበብ፣ ለማየት፣ ለመላክ ሌላ ዕቃ መግዛት ትርፍ ሆነ። ይህ ለደራው መምህርም ይሠራል። ነጋዴው ታብሌቱ ይሠራቸዋል ብሎ የዘረዘረለት ነገር ሁሉ፣ ቴሌግራሙ፣ ፒዲኤፉ፣ ዩቲዩቡ፣ የባንክ አገልግሎቱ፣ ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ ዛሬም ይሠራዋል። ታብሌት ቢገዛ የሚተካለት ስልኩን እንጂ ላፕቶፑን አይደለም ማለት ነው።

አዳማን ዙሪያ ካነሱ ወለንጪቲን መዝለል አይቻልም። በዓለም ላይ ስለ ታብሌት ብዙ ከተወራባቸው ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ2004 ዓ.ም. ገደማ «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ሕፃን» የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ሁለት የኢትዮጵያ መንደሮችን መረጠ፤ አንዱ በወንጪ፣ ሌላው በወለንጪቲ። በእያንዳንዱ መንደር 20 ለሚሆኑ፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ልጆች የሞቶሮላ ታብሌቶች በታሸገ ካርቶን ተሰጡ። መምህር የለም፤ መመሪያም የለም። ለአዋቂዎች የታየው በፀሐይ ኃይል እንዴት እንደሚሞላ ብቻ ነው። በየሳምንቱ ባለሙያ እየሄደ ልጆቹ ምን እንደነኩ የመዘገበውን ሚሞሪ ካርድ ይቀይር ነበር።

የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 ዓ.ም. በአንድ የቴክኖሎጂ ጉባኤ ላይ የተናገረው ዓለምን ዞረ። በአራት ደቂቃ ውስጥ አንድ ልጅ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አግኝቶ አበራው። በአምስት ቀን እያንዳንዱ ልጅ በቀን 47 መተግበሪያ ይከፍት ነበር። በሁለት ሳምንት የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ይዘምሩ ጀመር። በአምስት ወር ደግሞ አንድሮይዱን ሰበሩት፤ የተዘጋውን ካሜራ ከፈቱ፣ እንዳይቀየር የተቆለፈውን የስክሪን ገጽታም እንደፈለጉ አደረጉት።

ይህን ታሪክ አዳማ ላይ ያለው ነጋዴም ሰምቶታል፤ ይሸጥበታልም። ልጆቹ የሠሩት ነገር ያስደንቃል፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ግን 47 የሚለው ቁጥር የሚለካው ምንድነው? የተከፈተ መተግበሪያን ነው። የተነበበ ዓረፍተ ነገርን አይደለም። አንድ ሰው በቀን 47 ቤት ቢያንኳኳ 47 ሰው ጠይቋል አይባልም። በዚያው ሙከራ ከተነገረው ሁሉ ክብደት ያለው ሌላው ነው፤ አንድ ልጅ የእንስሳት ስም ሲያይ ቆይቶ በሥዕል መሣሪያው «አንበሳ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈ። ያ አንድ ቃል ከ47ቱ መክፈቻ ይበልጣል፤ ምክንያቱም ልጁ ያየውን መልሶ ሠርቶታል።

መለያው መስመር እዚያ ላይ ነው። ታብሌት ለመቀበል የተመቸ ነው፤ ማየት፣ ማንበብ፣ መንካት። ላፕቶፕ ለማውጣት የተመቸ ነው፤ መጻፍ፣ ማስላት፣ ማዘጋጀት። ሁለቱም ሌላኛውን ሥራ አይችሉም ማለት አይደለም። አንዱ በግድ፣ ሌላው በውድ ነው የሚሠሩት። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር አለ። ያው ድርጅት ከዚያ አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ለኢትዮጵያ ተማሪዎች ጥቂት ሺህ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ላፕቶፖች አስገብቶ ነበር፤ ቁልፍ ሰሌዳ ያላቸው። ላፕቶፕን በስሙ የያዘው ድርጅት ራሱ ወደ ታብሌት ዞረ።

በዕድሜው ገፋ ያለ መምህር ግን ይህን ሁሉ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስታውሰው ፕላዝማን ነው። በ1997 ዓ.ም. በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ስክሪኖች ተሰቀሉ፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጀ ትምህርት በሳተላይት ይወርድ ጀመር። መምህሩ መግቢያውን ይናገራል፣ ስክሪኑ ያስተምራል፣ መምህሩ ይዘጋል። ተማሪው እጁን ቢያወጣ ፕላዝማው አያይም። መብራት ከሄደ ደግሞ ክፍለ ጊዜው ሄደ። የደራው ሰውዬ ያኔ ተማሪ ነበር፤ ያን ስክሪን እያየ ነው ፊዚክስ የተማረው። ስክሪን ማየትና መማር አንድ እንዳልሆኑ ከማንም በላይ የሚያውቀው ያ ትውልድ ነው።

ሌሎች አገሮችም በዚሁ አልፈዋል። ኬንያ በ2013 እ.ኤ.አ. ምርጫ ለአንደኛ ክፍል ተማሪዎች ላፕቶፕ ይሰጣል ተባለ፤ ጨረታው ሲጓተት ከርሞ በ2016 የተከፋፈለው ታብሌት ሆነ። ሎስ አንጀለስ በ2013 ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ያስወጣል በተባለ ዕቅድ ለተማሪዎቿ አይፓድ ማደል ጀመረች፤ ተማሪዎቹ በሳምንት ውስጥ የተቆለፈውን አለፉት፣ ፈተናው ደግሞ ቁልፍ ሰሌዳ ጠየቀ፣ ዕቅዱም በዓመቱ ተሰረዘ። በሜይን ግዛት በ2016 መምህራንና ተማሪዎች ሲጠየቁ አብዛኞቹ አይፓዱን መልሰው ላፕቶፕ መረጡ። የእነዚህ አገሮች ትምህርት ቢሮዎች በቢሊዮን የተማሩትን የደራው መምህር በዕቁብ ብር እንዲማር ማንም አያስገድደውም።

ይሁንና ታብሌትን ማጣጣል ብቻ ፍርድ ማዛባት ነው። ማስረጃው እዚያው ቤት ውስጥ አለ። የመምህሩ ባለቤት በገጠር ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ድሮ የቤተሰብ መረጃ የሚያዘው በወረቀት ማኅደር ነበር፤ አሁን ከመሥሪያ ቤት በተሰጣት ታብሌት ትመዘግባለች። የኤሌክትሮኒክ ማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት የሚባለው ይህ አሠራር ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ በጤና ሚኒስቴር ሲዘረጋ የቆየ ነው። እሷ ቆማ ነው የምትሠራው፤ በየደጁ፣ ከብት ባለበት፣ ወንበር በሌለበት። የምትጽፈው ረጅም ጽሑፍ አይደለም፤ ምርጫ ትነካለች፣ ቁጥር ታስገባለች፣ ነፍሰ ጡሯ መቼ እንደምትመለስ ታያለች። ኔትወርክ ከሌለ መረጃው እዚያው ይቀመጥና ኔትወርክ ሲመጣ ይላካል። በዚህ ሥራ ላይ ላፕቶፕ ይዞ መሄድ እብደት ነው።

ስለዚህ ማታ ማታ ሁለቱ ሲከራከሩ እሷ ታብሌትን፣ እሱ ላፕቶፕን ቢደግፉ የሚገርም አይደለም። ሁለቱም የሚናገሩት ከሥራቸው ተነሥተው ነው። «አንተ እኮ የተቀመጥክበት ስለማትነሣ ነው» አለችው አንድ ቀን። ልክ ናት። ፈተና የሚያወጣ፣ ነጥብ የሚደምር፣ ቴሲስ የሚጽፍ ሰው የተቀመጠበት አይነሣም።

ለቤት ለቤት ሥራ ታብሌት ትክክለኛ ምርጫ መሆኑን መንግሥትም አውቆት ነበር። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ 180 ሺህ ታብሌት ተገዛ። ምርጫው በራሱ ስሕተት አልነበረበትም፤ ቆጣሪ እንደ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በየደጁ የሚዞር ነው። ቆጠራው ግን ከኅዳር 2010 ዓ.ም. ወደ 2011 ተሻገረ፤ በሰኔ 2011 ደግሞ በምክር ቤቶች ውሳኔ እንደገና ተራዘመ። አገሪቱ አሁንም የምትጠቅሰው የ1999ኙን ቆጠራ ነው። ከዚህ ውስጥ ለገዢ የሚጠቅመው አንድ ቴክኒካዊ ነገር ነው፤ ታብሌት መጋዘን ውስጥ ቢቀመጥም ያረጃል። ባትሪው ሳይሠራም አቅሙን ያጣል፤ የሶፍትዌር ማሻሻያውም ከተወሰነ ዓመት በኋላ ይቆማል። ላፕቶፕ ተከፍቶ ዲስኩ፣ ሚሞሪው፣ ባትሪው ይቀየራል። ታብሌት በሙጫ የተጣበቀ ነው፤ ሲደክም በአብዛኛው አብሮ ያበቃለታል።

ወደ መምህሩ ጭነት እንመለስ፤ ዋናው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ጭነት ፈተናና ነጥብ ነው። የፊዚክስ ፈተና ቀመር አለው፣ ሥዕል አለው፣ ክፍልፋይ አለው። በወርድ ላይ በኮምፒዩተር ሲሠራ ራሱ ያደክማል፤ በጣት በስክሪን ላይ ሲሆን የባሰ ነው። የትምህርት ቤቱ የውጤት ማጠናቀሪያ የኤክሴል ፋይል ደግሞ ማክሮ አለበት፤ የአንድሮይድ ኤክሴል ማክሮ አያስኬድም። ሌላም አለ፤ የማይክሮሶፍት የሞባይል መተግበሪያዎች ስክሪኑ ከ10.1 ኢንች በላይ በሆነ መሣሪያ ላይ ለማረም የሚከፈልበት ደንበኝነት ይጠይቃሉ። ክፍያው በውጭ ምንዛሬ ነው። ትልቅ ስክሪን ይሻለኛል ብሎ ብሩን የጨመረ ሰው ሌላ ወጪ ጨመረ ማለት ነው። እርግጥ ነጻ መተግበሪያዎች አሉ፤ ግን በሌላ ኮምፒዩተር የተሠራው ሠንጠረዥ እነሱ ላይ ሲከፈት የሚመሰቃቀልበት ጊዜ አለ።

ሁለተኛው ቴሲሱ ነው። መረጃው የሚተነተነው ኤስፒኤስኤስ በሚባለው ሶፍትዌር ነው፤ ይህ ሶፍትዌር አንድሮይድ ላይ አይሠራም። እዚህ ላይ ክርክር የለም። አማካሪው በሌላ አድርገው ካላሉት በቀር ታብሌት ይዞ ምዕራፍ አራት አይጻፍም። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የወሰዱ መምህራንም ተመሳሳይ ነገር ገጥሟቸዋል፤ ትምህርቱን በስልክ ማየት ይቻላል፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድሮይድ ስቱዲዮ ግን የሚጫነው ኮምፒዩተር ላይ ነው። የአንድሮይድ መተግበሪያ በአንድሮይድ ታብሌት አይሠራም። ይህን የሚያህል ምፀት ማን ይፈጥራል?

ሦስተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው አያስበውም፤ የኢትዮጵያ ቢሮዎች ግን ሁሉ የሚያውቁት ቁስል ነው። መምህሩ ለወረዳው የሚጽፈው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ የላቲን ፊደል ስለሆነ በማንኛውም ስልክ፣ ታብሌት፣ ላፕቶፕ ላይ ያለ ተጨማሪ ዕቃ ይጻፋል፤ በዚህ በኩል ሁሉም እኩል ናቸው። የዕድሩ መዝገብ ግን በአማርኛ ነው። ከእሱ በፊት የነበሩት ጸሐፊ የአባላቱን ስም፣ መዋጮውን፣ የቅጣቱን ዝርዝር የጻፉት በቆየ የግዕዝ ሶፍትዌር ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. በዩኒኮድ ሦስተኛ ዕትም ውስጥ ገብቷል፤ ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ የተጻፈ አማርኛ የትም ይነበባል። ከዚያ በፊት የተሠሩት ፊደሎች ግን የእንግሊዝኛውን ቦታ ተውሰው የተቀመጡ ናቸው፤ ቪዥዋል ግዕዝና የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝ ፊደሎች በዚህ ይታወቃሉ። ልምዱ ዩኒኮድ ከመጣ በኋላም ዓመታት ቆየ። ያ ፊደል የተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ «ወይዘሮ» ተብሎ የሚነበበው ታብሌት ላይ የላቲን ፊደልና የምልክት ቁልል ሆኖ ይወጣል። መምህሩ የነጋዴውን ታብሌት ተውሶ የዕድሩን ፋይል ሲከፍት የታየው ይኸው ነበር። ሦስት መቶ የሚሆን አባል ስም የለሽ ሆነ። ሰው ሲሞት ማን ከፈለ፣ ማን አልከፈለም የሚባልበት መዝገብ ነው። ላፕቶፑ ከመጣሉ በፊት ያ ፋይል ወደ ዩኒኮድ መለወጥ አለበት፤ የሚለወጠውም እዚያው ላፕቶፕ ላይ ነው።

አራተኛው የልጅቷ ነው፤ ሚዛኑንም ያዘነበለው ይሄኛው ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ታሪክም ከታብሌት ጋር ይያያዛል። በኮሮና ምክንያት የዘገየው የ2012 ዓ.ም. ፈተና በታብሌት ይሰጣል ተብሎ ነበር፤ ታብሌቶቹ በጊዜ ስላልደረሱ በ2013 በወረቀት ተሰጠ። ከዚያ በ2016 ዓ.ም. ከወረቀቱ ጎን በኮምፒዩተርም መሰጠት ጀመረ፤ በ2017ም ቀጠለ። ልጅቷ ስልክ ላይ ጣቷ ከአባቷ ይፈጥናል። ማውዝ ይዛ ግን አታውቅም። በዕድሜ ልክ ውጤት ላይ ሰዓት እየቆጠረ ባለ ስክሪን ፊት ለፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ማውዝ መያዝ የፊዚክስ ችሎታን አይለካም፤ ግን ነጥብ ይወስዳል። «አባዬ፣ ታብሌት ቢሆን ቪዲዮም አይበታለሁ» ብላው ነበር። ጓደኛዋ በኮምፒዩተር የመለማመጃ ፈተና ላይ ቀጣዩን ገጽ ፈልጋ ደቂቃዎች እንዳለፉባት ስትነግራት ግን ሐሳቧን ቀየረች።

የብሩ ነገር ይቀራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ሲባል አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ላፕቶፕም ታብሌትም የሚገቡት በዶላር ነው። ያን ጊዜ ቀድሞ የገዛ ገዛ። የመምህር ደመወዝ በመስከረም 2018 ቢሻሻልም ከዕቃው ዋጋ ጋር ሩጫ አይገጥምም። አዲስ ደህና ላፕቶፕ ከአቅሙ ውጭ ነው። ያገለገለ ይደረሳል፤ ደህና ታብሌትም ይደረሳል። ርካሹ ታብሌት ደግሞ አለ፤ ስሙ የማይታወቅ፣ ካርቶኑ ላይ 12 ጊጋ ሚሞሪ ተብሎ ሲከፈት ሁለት የሆነ። እሱን ለጠላትም አይመክሩም።

በዚህ ላይ የዊንዶውስ 10 ነገር መጣ። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉን አቆመ። የመምህሩ ላፕቶፕ ከ2010 ዓ.ም. በፊት የተሠራ ስለሆነ ዊንዶውስ 11 አይቀበለውም። ነጋዴው ይህንንም ተጠቅሞበታል፤ «በቃ ሞተ ማለት እኮ ነው» ብሎታል። አልሞተም። ማሻሻያ የማያገኝ ኮምፒዩተር ኢንተርኔት ላይ ሲውል ለጥቃት ይጋለጣል፤ ከኢንተርኔት ተነጥሎ ለመጻፍና ለማስላት ሲውል ግን ዓመታት ያገለግላል። ለኢንተርኔቱ ስልክ አለ። አደጋው ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ የሚወጣው ፍላሽ ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ዊንዶውስ 10 ከመምጣቱም በፊት የነበረ በሽታ ነው። ለኅትመት የሚሄደውን ፒዲኤፍ በስልክ በቴሌግራም መላክ ቢለመድ ግማሹ ይቀረፋል።

እንግዲህ ሁለት ምርጫ ብቻ አስመስሎ የቀረበው ነገር ሦስተኛ ነበረው። አዳማ ላይ ኮምፒዩተር የሚጠግን ባለሙያ ላፕቶፑን ከፍቶ አየው። የዘገየው በአሮጌው የሚሽከረከር ዲስክ ምክንያት ነው፤ ኤስኤስዲ ቢገባለትና ሚሞሪው ወደ ስምንት ጊጋ ቢያድግ ሌላ ማሽን ይሆናል። ቁልፍ ሰሌዳው ይቀየራል። ማጠፊያው ይበየዳል። የሁሉም ዋጋ ከደህናው ታብሌት ግማሽ አይሞላም።

መምህሩ ዕቁቡ በወጣለት ሳምንት ያደረገው ይህንኑ ነው። ከጥገናው በፊት ፋይሎቹን ሁሉ በሁለት ፍላሽ ገለበጠ። የዕድሩን መዝገብ ከአንድ የአይሲቲ መምህር ጋር ሁለት ቅዳሜ ፈጅተው ወደ ዩኒኮድ ለወጡት፤ «ጸ»ና «ፀ» የተቀላቀሉባቸውን ስሞች በእጅ አረሙ። ለልጅቷ ማውዝ ተገዛላት፤ ማታ ማታ እሷ ስትለማመድ እሱ ወረቀት ያርማል፣ እሷ ስትተኛ ቴሲሱን ይከፍታል። ከዕቁቡ የተረፈው ብር አልተነካም። ታብሌት የሚባለው ሐሳብ አልሞተም፤ ቴሲሱ ሲያልቅ፣ መጽሐፍ ለማንበብና ክፍል ውስጥ ሥዕል ለማሳየት ይታሰብበታል ተብሏል። ባለቤቱ ግን የመሥሪያ ቤቷን ታብሌት ለዚህ እንዳያስቡት ከወዲሁ አስጠንቅቃለች።

ባትሪው ብቻ ይቀራል። ለዚያ ሞዴል የሚሆን አዳማ ላይ አልተገኘም፤ ባለሙያው ከመርካቶ አስመጣለሁ ብሏል። እስኪመጣ ድረስ ምዕራፍ አራት የሚጻፈው መብራት ባለበት ሰዓት ነው።